የብስባሽ በርሜሌ ሦስት ወር ሞላው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ነው የገዛሁት። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው፤ በብረት እግር ላይ ተጋድሞ ይዞራል፣ ጎኑ ላይ በር አለው፣ ዙሪያውን ተበስቷል። 3,500 ብር ከፈልኩ።

ድሬ ላይ የወጥ ቤት ቆሻሻ ጠዋት ፌስታል ውስጥ ካስቀመጡት ከሰዓት ሳይደርስ ይሸታል። ያ ፌስታል ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተጥሎ ሳይ ደግሞ ያመኛል። ለዚህ ነው የገዛሁት።

ማዞሩ ቀላል ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ በአካፋ ከማገላበጥ ይሄ በስንት ጣዕሙ! በሁለተኛው ሳምንት በሩን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ፤ እጄን ሰደድ ባደርግ መሀሉ ያቃጥላል። ሙቀቱ ትራፊውን ከሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን የሚመጣ ነው፤ በደንብ የተያዘ ብስባሽ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል።

የሽንኩርትና የፓፓያ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሻገተ እንጀራ እጨምራለሁ። እንጀራው ብቻውን ከበዛ ግን ሊጥ ይሆናል፣ ደረቅ ነገር ይፈልጋል። ደረቅ ነገር ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል፦ ገራባ፣ የጫት ትራፊ። ቅጠሉን ለፍየል ሰጥቼ እንጨቱን ከትከት አድርጌ እከተዋለሁ፤ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ።

አሁን ቅሬታዬ። ሻጩ "የምግብ ትራፊ ሁሉ ይገባል" አለኝ። አምኜው አጥንትና ዘይት ያለው ወጥ ጨመርኩ። ዝንቡ፣ ሽታው፣ ሌሊት የድመቱ ጩኸት! ጎረቤቴ "አቦ፣ መስኮት መክፈት አቃተን እኮ" አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ሥጋና ዘይት እንዳታስገቡ። ስለ ውሃም ምንም አልነገረኝም። ፀሐይ ላይ አቁሜው ደረቀና መበስበሱን አቆመ። የኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አዛወርኩት፣ አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ በአራት ቀን እንደገና ሞቀ። ጨበጥ ስታደርጉት እንደተጨመቀ ስፖንጅ ከሆነ ልክ ነው፣ ውሃ ጠብ ካለ በዝቷል።

መቀርቀሪያውም ልል ነው። አንዴ ሳዞረው ተከፍቶ ግማሹ ግቢው ላይ ተደፋ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ግማሽ ጆንያ አወጣሁ። ጥቁር ነው፣ ፍርፍር ይላል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ለፓፓያዬ ሥር አለበስኩት። ግዙት እላለሁ፣ ግን መቀርቀሪያውን ሳይቀይርላችሁ ብሩን አትስጡት።