ኒቆዲሞስ፦ በካንሳስ ሜዳ ላይ የጸናች መንደር
በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የምትገኘውን ኒቆዲሞስን ለመጎብኘት የመግቢያ ክፍያ የለም፤ እንግዳ የሚስተናገደውም እ.ኤ.አ. በ1939 ከኖራ ድንጋይ በተሠራው የመንደሩ አዳራሽ ነው። የራሷ ማዘጋጃ ቤት የሌላት ይህች የገጠር መንደር በ1877 የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከባርነት ነፃ ወጥተው ከኬንታኪ የመጡት ጥቁር አሜሪካውያን ሰፋሪዎች እንጨት በማይገኝበት ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያሳለፉት መሬት ቆፍረው ባበጇቸው መጠለያዎች ውስጥ ነበር። ከአደን ይመለሱ የነበሩ ኦሴጅ የተባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ሰዎች ለሰፋሪዎቹ ምግባቸውን እንዳካፈሏቸው የሚናገረው ታሪክ ልቤን ነክቶታል። በ1888 የባቡር ሐዲዱ መንደሯን አልፎ በመሄዱ ነጋዴዎቹ ለቀቁ፤ ትምህርት ቤቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ዛሬም ቆመዋል። የመንደሯ ተወላጆች ከባርነት ነፃ የመውጣትን በዓል ለማክበር በሚሰባሰቡበት በሐምሌ ወር መሄድን አጥብቄ እመክራለሁ።