ኬቲ-1000፦ የጉልበትን መላላት ይለካል፣ መክዳቱን ግን አይለካም

ኤሲኤል የምንለው የፊት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ ቅልጥም ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል። እጁ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ይህን በላክማን ምርመራ፣ ማለትም ቅልጥሙን በእጅ ወደ ፊት ስቦ፣ ይለየዋል። እጅ ግን «ላላ ብሏል» ይላል እንጂ «በ4 ሚሊሜትር ላልቷል» አይልም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጉልበት መላላት መለኪያ መሣሪያ፣ ኬቲ-1000፣ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ በትክክል ከተያዘ ደግሞ በደንብ ይሞላል።

መሣሪያው በቅልጥም ላይ በሁለት ተጣባቂ ማሰሪያዎች ይታሰራል። አንዱ መዳሰሻ በጉልበት ሎሚ ላይ፣ ሌላው ከሎሚው በታች ጎላ ባለው የቅልጥም አጥንት ላይ ያርፋል፤ መርፌው የሚያሳየው አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደራቀ ነው። እጀታው ሲሳብ 67፣ 89 እና 134 ኒውተን ላይ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል። ይህ በጣም የታሰበበት ነገር ነው፤ ጆሮ ኃይሉን ሲከታተል ዓይን ከመርፌው ላይ አይነሳም።

ልፋቱ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ መደገፊያው ከቋንጃ ከፍ ብሎ ከሁለቱም ጭኖች ሥር ይገባል፤ ጉልበቶቹ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋሉ። የእግር ማረፊያው ሁለቱን እግሮች እኩል ይይዛል፤ አንዱ ወደ ውጭ ከዞረ ንጽጽሩ ተበላሸ ማለት ነው። በመሣሪያው ላይ ያለው ምልክት ከመገጣጠሚያው መስመር ጋር ልክ መግጠም አለበት፤ 1 ሴንቲሜትር መሳት እንኳ ንባቡን ይቀይራል። ቀጥሎ ዜሮ ይፈለጋል፦ ቅልጥሙን በ89 ኒውተን ወደ ኋላ ገፍቶ መልቀቅ፣ መርፌው ደጋግሞ እዚያው ቦታ ላይ እስኪመለስ ድረስ። ካልተመለሰ ወይ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ ሎሚውን የያዘው እጅ ግፊቱን እየለዋወጠ ነው፣ ወይ ታካሚው ጡንቻውን አልለቀቀም።

ትልቁ አሳሳች ይኸው የመጨረሻው ነው። የኋላ ጭን ጡንቻ ከተወጠረ ቅልጥሙን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል፤ የተበጠሰው ጅማት ጤነኛ መስሎ ይነበባል። ከመሳብ በፊት ጣትን ቋንጃ ላይ ማሳረፍ ይጠቅማል፦ እንደ ገመድ የተገተረ ነገር ከተሰማ ገና ነው፤ ለስለስ ሲል ይሳባል። ጉልበቱ በፈሳሽ ካበጠ ደግሞ ሎሚው ስለሚንሳፈፍ መዳሰሻው የሚያርፍበት ጽኑ ነገር አያገኝም፤ እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ ይሻላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የተበጠሰው የኋላው መስቀለኛ ጅማት ከሆነ ቅልጥሙ አስቀድሞ ወደ ኋላ ሰጥሟል። ሲሳብ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መርፌው ግን የፊተኛው የላላ አስመስሎ ያሳያል። ስለዚህ ጉልበቱን ወደ 70 ዲግሪ አጥፎ፣ እግሩ ከአልጋው ሳይነሳ ታካሚው የፊት ጭኑን እንዲወጥር ማድረግ ያስፈልጋል። ቅልጥሙ በዚያን ጊዜ ወደ ፊት ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የኋላው ጅማት ነው።

ንባቡ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በተፈጥሮው መገጣጠሚያው ልል የሆነ ሰው ብዙ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጤነኛው፣ ቀጥሎ የተጎዳው ይለካና ልዩነቱ ይወሰዳል። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መበጠስን ያስጠረጥራል። የጉልበትን ሁኔታ በደረጃ በሚለየው በዓለም አቀፉ የአይኬዲሲ አመዳደብ ከ3 እስከ 5 ለመደበኛ የቀረበ፣ ከ6 እስከ 10 ከመደበኛ ውጭ፣ ከ10 በላይ ደግሞ በጣም ከመደበኛ የራቀ ነው። ክትትል ከሆነ የለካው ሰው አይቀየር፤ የሁለት ባለሙያዎች ንባብ መለያየቱ የታወቀ የመሣሪያው ድክመት ነው። ጅማት ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ደግሞ በሙሉ ኃይል መሳብ አይገባም፤ የተተከለው ጅማት ገና አልጸናም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፦ መሣሪያው የሚለካው የተኛና የተዝናና ጉልበትን፣ ያውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ሰው በሩጫ ላይ ድንገት ሲታጠፍ የሚከዳው ጉልበት ይዞራልም፤ ያንን መርፌው አያየውም። ልዩነታቸው እኩል 6 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ጡንቻው በጊዜው ስለሚደርስለት ሮጦ ይታጠፋል፣ ሌላው ደረጃ ሲወርድ ይብረከረካል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን ተከትሎ ለሚለካ የሕክምና ክፍል ኬቲ-1000 ዋጋ አለው። ዋና ሥራው ማገገሚያ ለሆነ ክፍል ግን በቀበቶ የሚታሰር የጡንቻ ኃይል መለኪያና የሜትር ገመድ ይቀድማሉ።

ከኬቲ-1000 ጎን ታካሚው ስለ ጉልበቱ የሚመልሰው የላይሾልም መጠይቅ ሊኖር ይገባል። ከ100 ነጥብ 25ቱ መክዳትን ይመለከታል፦ ፈጽሞ ካልከዳ 25፣ በስፖርት ላይ አልፎ አልፎ ከሆነ 20፣ በየእርምጃው ከሆነ 0። ሩጫ የተወ ሰው «አይከዳኝም» ብሎ 25 ሊያገኝ ስለሚችል፣ የእንቅስቃሴውን ደረጃ ከ0 እስከ 10 የሚያስቀምጠው የቴግነር መለኪያ አብሮ ይሞላ።

ሌላው ፈተና በአንድ እግር እንጣጥ ማለት ነው። ተዘሎ ካረፉ በኋላ ሳይንገዳገዱ መቆም ግድ ነው፤ የተንገዳገደ አይቆጠርም። የተጎዳው 120፣ ጤነኛው 150 ሴንቲሜትር ከዘለለ ውጤቱ 80 በመቶ ነው፤ ወደ ስፖርት ለመመለስ በብዛት የሚጠየቀው ቢያንስ 90 ነው። ነገር ግን ወራት ሙሉ ያለ ልምምድ የቆየ ጤነኛ እግርም ይደክማል፤ እሱ 130 ላይ ከወረደ ያው 120 ዝላይ 92 በመቶ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ የጤነኛው እግር ርቀት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለክቶ በሴንቲሜትር ይመዝገብ፤ ኋላም መካፈል ያለበት ለዚያ ቁጥር ነው።