ኤንጂንኤክስ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የፈጠነውና ያልፈጠነው

ኤንጂንኤክስን (የሳይት ገጾችን ለአንባቢው የሚያደርስ ዌብ ሰርቨር ነው) ሰው በሚርመሰመስበት ሳይት ላይ ካስገባሁት ወራት አልፈዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን ጠባዩን በደንብ ለይቼዋለሁ።

ሳይቱ ሰው አካውንት ከፍቶ የሚገባበት፣ የሚጽፍበት፣ ፎቶ የሚለጥፍበት ነው። ከኋላ ገጹን የሚሠራው ፒኤችፒ እና ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል አሉ። ከፊት የነበረው አፓቺ የተባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር ነው፤ ያውም በድሮው «ፕሪፎርክ» አሠራር። በፕሪፎርክ አንድ ኮኔክሽን አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ይይዛል። ፒኤችፒም እዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚጫን እያንዳንዱ ብዙ ራም ይበላል። ኔትወርኩ የሚጎተት አንድ ሰው ትንሽ ምስል እስኪያወርድ ድረስ ያ ሁሉ ራም ታስሮ ይቆያል። ማታ ማታ ሰው ሲበዛ ራሙ ያልቃል፣ ሰርቨሩ ስዋፕ ውስጥ ይገባል፤ ማለትም ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ስዋፕ ውስጥ ከገባ በኋላማ በቃ፣ ቀጥ ነው የሚለው።

ኤንጂንኤክስ የተሠራው ለዚህ በሽታ ነው። ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለው ሩሲያዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮት በ2004 ለሕዝብ ለቀቀው። ወርከሮቹ (ሥራውን የሚሠሩት ፕሮሰሶች) ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሲፒዩ ኮሮች ቁጥር ልክ። አንዱ ወርከር ብቻውን በሺዎች የሚቆጠሩ ኮኔክሽኖችን ያስተናግዳል። ዝም ያለውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ዳታ ሲመጣ ብቻ ወደሱ ይዞራል። እንደ ራሳቸው ሰነድ ከሆነ ሥራ የፈቱ 10,000 ኪፕ አላይቭ (ለቀጣይ ጥያቄ ተከፍተው የሚቆዩ) ኮኔክሽኖች የሚይዙት 2.5 ሜጋባይት ገደማ ራም ነው። እኔ ጋ ያ ሁሉ ኮኔክሽን ባይኖርም፣ ማታ ላይ የሚመጣው የራም ጣጣ ግን ኤንጂንኤክስ ከገባ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

አፓቺን ግን አልበድለውም። ከ2.4 ጀምሮ «ኢቨንት» የሚባል የተሻለ አሠራር አለው። ፒኤችፒን ወደ ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለብቻው የሚያስኬድ አገልግሎት) አውጥቶ ኢቨንትን የሚጠቀም ሰው የኤንጂንኤክስን ጥቅም አብዛኛውን እዚያው ያገኘዋል። እንደዚያ ካዋቀራችሁት ለመቀየር አትቸኩሉ።

ምስል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት አሁን ፒኤችፒ ሳይሰማ ከዲስክ ተነስተው ይሄዳሉ። ጂዚፕ የሚባለው መጭመቂያ ሲበራ በዲፎልት የሚጨምቀው ኤችቲኤምኤልን ብቻ መሆኑን ግን እወቁ። ሲኤስኤሱንና ጃቫስክሪፕቱን «ጂዚፕ ታይፕስ» ላይ ራሳችሁ ካልጻፋችሁ ሳይጨመቁ ነው የሚያልፉት።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ካሹ፣ ማለትም አንዴ የተሠራን ገጽ አስቀምጦ ደግሞ መስጠቱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሳይገቡ የሚያነቡ እንግዶችና የመፈለጊያ ሞተሮች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ያንኑ ገጽ በየጊዜው እንደ አዲስ መሥራት ለምን ያስፈልጋል? የፒኤችፒን መልስ የሚያስቀምጠውን ፋስትሲጂአይ ካሽን ከፈትኩ። ውጤቱ ግን ሁሌ «ሚስ» (ካሹ ውስጥ የለም)፣ ሁሌ «ሚስ»። ከርል በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሄደሩን (ከገጹ ጋር የሚላከውን መግለጫ) ሳየው እንዲህ ይላል፦ ኤክስፓየርስ (ጊዜው የሚያልፍበት)፣ ሐሙስ፣ 19 ኖቬምበር 1981።

ይሄ ቀን ስህተት አይደለም። ፒኤችፒ ሴሽን (ተጠቃሚውን ከገጽ ገጽ የሚያስታውስበት መዝገብ) ሲከፍት ማንም ገጹን እንዳያስቀምጠው ብሎ ሆን ብሎ ያለፈ ቀን ይልካል፤ የሚልከውም ሁልጊዜ ይህንኑ ቀን ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ታዛዥ ነው። ጊዜው ያለፈበትን አያስቀምጥም፣ ኩኪ የሚያስይዝ ምላሽንም አያስቀምጥም። ሄደሮቹን ችላ በል የሚያሰኝ ማዘዣ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚመክረውም እሱን ነው። እኔ አልመክርም። በደንብ ካልተጠነቀቃችሁ የአንዱ ሰው የግል ገጽ ለሌላው ይሰጥና ጉድ ይፈላል። ያዋጣኝ ከሥሩ መጀመር ነው፦ ለእንግዳ ሴሽን ጨርሶ አለመክፈት፣ የሴሽን ኩኪ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ካሹን አስዘልሎ በቀጥታ ወደ ፒኤችፒ መላክ። የካሹ ዕድሜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ጥቂት ሰከንድ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። አንድ ገጽ ድንገት ሰው ሲጎርፍበት፣ «ካሽ ሎክ» በርቶ ከሆነ፣ አንዱ ጥያቄ ብቻ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌሎቹ የእሱን መልስ ይጠብቃሉ።

ለገቡ ተጠቃሚዎች ግን ይህ ሁሉ ምንም አይፈይድም። የእያንዳንዱ ገጽ የራሱ ነው። እዚህ ላይ የጠቀመኝ ሎጉ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የምወድለትም እሱን ነው። ሎጉ ላይ ሁለት ነገር ጨመርኩ፦ ጥያቄው በጠቅላላ የወሰደውን ጊዜና ከኋላ ያለው ፒኤችፒ የወሰደውን ጊዜ። ጠቅላላው 4 ሰከንድ፣ የኋላው 0.1 ከሆነ ሰውየው ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም። ሁለቱም 4 ከሆኑ ግን ጣጣው የራሴ ነው።

እናም ሎጉ ሲደረደር አንድ ዓይነት ገጾች ከላይ ወጡ፦ ረጅም ዝርዝር ያላቸው ገጾች፣ ያውም የመጨረሻዎቹ። ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ (ኩዌሪው) 100,000 ረድፍ ዝለልና 20 ስጠኝ የሚል ነበር። ማይኤስኪውኤል ግን ዝም ብሎ አይዘልም። መቶ ሺውን አንድ በአንድ አልፎ ይጥላቸውና ሃያዋን ይሰጣል። «ከዚህ መለያ ቁጥር በታች ያሉትን 20» ወደሚል ሲቀየር በኢንዴክሱ ቀጥ ብሎ ይደርሳል። ይህችን ለውጥ ያመጣት ኤንጂንኤክስ አይደለም፤ ያሳየኝ ግን እሱ ነው። ማይኤስኪውኤል ዳታውን ራም ላይ የሚያቆይበት የኢኖዲቢ በፈር ፑል ዲፎልትም 128 ሜጋባይት ነው፤ ለሚርመሰመስ ሳይት ኢምንት ስለሆነ ራማችሁ በፈቀደ መጠን ከፍ አድርጉት።

የኤፍፒኤም ወርከሮች ቁጥርም በግምት የሚሞላ አይደለም። ለፒኤችፒ የሚተርፋችሁ ራም 4,000 ሜጋባይት ቢሆን፣ አንዱ ፕሮሰስ ደግሞ 50 ቢይዝ፣ ጣሪያው 80 ነው። ከዚያ ካለፈ ያው ወደ ስዋፕ መመለስ ነው። የስህተት ቁጥር 504 ሲመጣ ፒኤችፒ መልስ አዘግይቷል ማለት ነው። 502 ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሱ ሞቷል ወይም ጭራሽ አልተነሳም። ሁለቱንም በኤንጂንኤክስ ማመካኘት የተለመደ ነው፤ እሱ ግን የሆነውን ነው የሚያወራው።

የሚያናድዱ ነገሮችም አሉት። የአፓቺን የማዋቀሪያ ፋይል፣ «ኤችቲአክሰስ»ን፣ አያነብም፤ የድሮ ሕጎቻችሁን አንድ በአንድ ወደ ኤንጂንኤክስ አጻጻፍ መለወጥ ግድ ነው። የሚቀበለው የፋይል መጠን በዲፎልት 1 ሜጋባይት ስለሆነ ፎቶ የሚጭን ሰው ወዲያው 413 (ፋይሉ ከመጠን በላይ ነው የሚል ስህተት) ይደርሰዋል። የሄደር ነገር ደግሞ ይብሳል። የደኅንነት ሄደሮችን ከላይ ጽፋችሁ፣ ከታች ባለ ብሎክ ላይ በ«አድ ሄደር» አንድ ተጨማሪ ሄደር ከጻፋችሁ፣ የላይኞቹ እዚያ ብሎክ ላይ ሳይነግሯችሁ ይጠፋሉ። ነጻው እትም የሚያሳየው የስታትስቲክስ ቁጥርም ጥቂት ነው፤ ዝርዝሩ ያለው የሚከፈልበት «ፕላስ» ላይ ነው።

ኮንፊግ መቀየሩ ግን አያስፈራም። መጀመሪያ በሙከራ ትእዛዙ ይፈተሻል፣ ከዚያ ሪሎድ ይደረጋል። የቆዩት ወርከሮች የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ፣ አዲሶቹ ይረከባሉ። ሰው በሞላበት ሰዓት እንኳ አደርገዋለሁ፤ ማንም አይነቃም።

ኤችቲቲፒ/3 (አዲሱ የዌብ ፕሮቶኮል) ከ1.25 እትም ጀምሮ አለ። ገና አላበራሁትም። ፋየርዎል ላይ የዩዲፒ 443 ፖርትን መክፈት ይጠይቃል፣ ያ ከባድ ሆኖ አይደለም። ሎጉ እንደሚለው ግን አሁንም የሚጎተተው የማይኤስኪውኤል ፍለጋው ነው። መጀመሪያ እሱን።