ደሴ ያለ የልጆች የምክር አገልግሎት፦ ውስጡ ጥሩ፣ እንግዳ መቀበያው ግን ይታሰብበት

ስሙን አልጠቅስም። ደሴ መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ያለ የልጆችና የወጣቶች የሥነ ልቦና ምክር መስጫ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የ12 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀመረ። ሰገራ ታየ፣ ደም ታየ፣ ምንም የለም። ጎረቤቴ ዱዓ ይደረግለት አለችኝ፣ አማቴ ጠበል አሉ። ሁለቱንም አልጠላሁም። ሆዱ ግን አልተወውም። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን።

ባለሙያው ገና ስንቀመጥ ወረቀት አወጣ። 25 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉበት። እያንዳንዱን እውነት አይደለም፣ በመጠኑ እውነት ነው፣ በእርግጥ እውነት ነው እያሉ መሙላት ነው። ለንደን ይሠራ የነበረ ሮበርት ጉድማን የሚባል የልጆች የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው መጠይቅ ነው። የራስ ምታትና የሆድ ሕመም ራሱ ከጥያቄዎቹ ውስጥ አለ፤ የሚቆጠረውም ከስሜት ችግሮች ጋር ነው። እሱን ሳይ ትክክለኛ ቦታ እንደመጣን ገባኝ።

ደስ ያለኝ አሞላሉ ነው። አንዱን እኔ ሞላሁ። ከ11 ዓመት ጀምሮ ልጁም ራሱ ስለሚሞላ አንዱን ለእሱ ሰጡት፣ በሌላ ክፍል። ሦስተኛው በታሸገ ፖስታ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ተላከ።

ውጤቱ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ እኔ በሞላሁት ላይ ፍርሃቱ ትንሽ ነው። እሱ በሞላው ላይ ግን ከፍ ብሏል። ክው አልኩ። «አብሽሪ እናቴ» አለኝ ባለሙያው፣ «የሚጣላ፣ የሚረብሽ ልጅ ለወላጅ ቶሎ ይታያል። ፈርቶ ዝም የሚለውን ግን ካልጠየቁት ማን ያውቃል?» እ.ኤ.አ. በ1987 አኬንባክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 119 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ልጆች ስለ ራሳቸው የሚሉትና ትልልቆች ስለ እነሱ የሚሉት ብዙም እንደማይገጥም ማሳየቱንም አጫወተኝ። ማንም ስለዋሸ አይደለም። መምህሩ የሚያየው ክፍል ውስጥ ነው፣ እኔ ቤት፣ ልጁ ደግሞ ሌሊት ብቻውን ሲሆንም ከራሱ ጋር ነው።

እኔ የላብራቶሪ ነገር ስለለመድኩ ፖዘቲቭ ወይ ነጋቲቭ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። የችግሩ ነጥብ ከ40 ነው የሚታሰበው፣ ግን ብቻውን በሽታ አይወስንም አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ከልጁ ጋር ረጅሙ ወሬ። ሁሉን ነገር ከ2014ቱ ጦርነት ጋር ለማያያዝም አልቸኮለም፤ ስለ ትምህርት ቤቱም በደንብ ጠየቀ። ልጄ የነገረውን እዚህ አልጽፍም። እኔም ሁሉን አልሰማሁም። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር በሁለታችን ይቀራል ብሎ ባለሙያው ለልጄ ፊቴ ነው የነገረው። ልጄ ትከሻው ሲወርድ አየሁት።

አሁን ቅሬታዬ። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ «ያ የጭንቀቱ ልጅ ይግባ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሞልቷል! እዚያው ተመልሰን ልንወርድ ነበር። ውስጥ እንዲያ ምሥጢር እየተጠበቀ በር ላይ እንዲህ መሆኑ ያናድዳል። ነግሬያቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በካርድ ቁጥር ነበር የተጠራነው። ቅጹም ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግራል። አንዱ ቀጠሮ 800 ብር ነው፣ ከኮምቦልቻ ትራንስፖርት ሲጨመርበት ለብዙ ሰው አይቻልም።

ልጄ አሁንም ሰኞ ሰኞ ሆዱን ይለዋል፣ ግን ይሄዳል። የምትሄዱ ካላችሁ ትምህርት ሳይዘጋ ሂዱ፤ መምህሩ ካልተገኘ ሦስተኛው ወረቀት ባዶ ይቀራል።