የስሪ ላንካ ሁለት ክረምቶች፦ ጋሌ እና ትሪንኮማሊ

ስሪ ላንካ ትንሽ ደሴት ናት፤ ግን "ክረምቱ መቼ ነው?" ብትሉ መልሱ እንደ ቆማችሁበት ዳርቻ ይለያያል።

ጋሌና ኮሎምቦ ባሉበት ደቡብ ምዕራብ ዋናው ዝናብ ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል። ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የመጣው ነፋስ በደሴቲቱ መሃል ካለው ተራራ ጋር ይጋጫል። ጫፉ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውንም በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ በምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ትሪንኮማሊ ሲደርስ ደረቅና ሞቃት ነው። የእኛ ገበሬ በሐምሌ ጭቃ ሲረግጥ፣ የትሪንኮማሊ ሰው ሰማዩ ጠርቶለት ፀሐይ ይሞቃል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ይዞራል፤ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ምሥራቁንና ሰሜኑን ያርሳል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ የወራት መለዋወጥ ብቻ አይደለም። ምዕራቡ በጥቅምትና በኅዳርም ስለሚዘንብለት በዓመት ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል፤ ደረቁ ክፍል፣ ማለትም ምሥራቁና ሰሜኑ፣ ግን የሚያገኘው ከ1,750 በታች ነው፤ እሱም በጥቂት ወራት ተጨናንቆ ይመጣል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የደረቁ ክፍል ሕዝብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፓራክራማባሁ በፖሎናሩዋ "የፓራክራማ ባሕር" የተባለውን ግዙፍ የውሃ ማጠራቀሚያ አሠራ። ዛሬም በበጋው "ያላ" በሚሉት የእርሻ ወቅት መዝጊያው ሲከፈት፣ የክረምቱ ውሃ በቦዩ ወርዶ የሩዝ ማሳውን ያጠጣል።