ሳንዋ ጄኤልኤፍ፦ የቤታችንን አርኬድ ጆይስቲክ ቀየርኩ

ቤዝመንታችን ውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን የአርኬድ ማሽን አለን። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ከነበረ ሰው ላይ ነው የገዛሁት። ሳጥኑ ደህና ነው፣ ስክሪኑም ደህና ነው። ጆይስቲኮቹ ግን አልቀዋል። የግራው ወደ ታች ሲሳብ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። ሲለቀቅ ደግሞ መሃል ላይ አይመለስም፤ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ይቀራል። ልጄ ፓክማን ስትጫወት «አባዬ፣ እኔ ወደ ላይ ነው ያልኩት!» እያለች ታለቅስ ነበር። እውነቷን ነው። እጇ ትክክል እየሠራ ማሽኑ እምቢ ሲላት ማየት ያሳዝናል።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ርካሽ ጥንድ ገዛሁ። ሁለቱ በ18 ዶላር። በሦስተኛው ወር የአንዱ ስዊች ምላስ ተሰበረ። ሌላኛው ደግሞ ዘንጉ ይወዛወዝ ጀመር። የማን ምርት እንደሆነ ዕቃው ላይም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ነው ሳንዋን የገዛሁት። ሳንዋ ዴንሺ የጃፓን ኩባንያ ነው። ጄኤልኤፍ የሚባለው ጆይስቲካቸው የውጊያ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። ለአንዱ 27 ዶላር ከፈልኩ። ባለ 5 ገመዱ ማገናኛ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ አብራችሁ እዘዙ። አለዚያ እንደ እኔ ዕቃው ደርሶላችሁ ገመድ ስትጠብቁ አንድ ሳምንት ትቀመጣላችሁ።

ከካርቶኑ ሲወጣ ቀላል ነው። ላዩ 35 ሚሊሜትር የሆነች ክብ ኳስ አለችው። ከሥር ገልብጣችሁ ስታዩት አሠራሩ ግልጽ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ለብሷል። ዙሪያውን አራት ትንንሽ ስዊቾች በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠዋል። ዘንጉ ሲያዘነብል ፕላስቲኩ አንዱን ስዊች ይጫናል፤ በሰያፍ ሲሄድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ። ከታች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ክዳን ዘንጉ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ይገድበዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ ጋራዥ ነበረው፤ ልጅነቴ ካቻቢቴና ፒንሳ በማቀበል ነው ያለፈው። እንዲህ ፈታታችሁ አይታችሁ የምትገቡበት ዕቃ ደስ ይለኛል።

መፍታቱ አይከብድም። ከዘንጉ ሥር የካቻቢቴ አፍ የሚገባበት ስንጥቅ አለ። በአንድ እጅ ያንን ያዝ አድርጋችሁ በሌላው ኳሷን ወደ ግራ ታዞራላችሁ። ትወጣለች። ዘንጉን ከፓኔሉ (ጆይስቲኩ ከሚታሰርበት ሰሌዳ) ሥር አስገብታችሁ በአራት ብሎን ታስራላችሁ፣ ከላይ ክቧን የአቧራ መከላከያ ታስቀምጣላችሁ፣ ኳሷን ትመልሳላችሁ።

እኔ ዘንድ ችግር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የኔ ፓኔል 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ ነው። ሳንዋ ደግሞ በዋናነት ለስስ የብረት ፓኔል የተሠራ ነው። እንዳለ ሳስረው ኳሷ ፓኔሉ ላይ ልትተኛ ምንም አልቀራት። ጣት የሚገባበት ቦታ የለም። አሮጌዎቹ የአሜሪካ ዓይነት ስለነበሩ፣ ዘንጋቸው ረጅም ነው፣ ወፍራም እንጨት አያስቸግራቸውም። ስለዚህ ፈታሁት። ፓኔሉን ገልብጬ ጆይስቲኩ የሚቀመጥበትን ቦታ በእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን 10 ሚሊሜትር ያህል አጎደጎድኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላዬን በላው። የኤምዲኤፍ አቧራ አደገኛ ነው፤ ውጭ ሥሩ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ማሽን የሌለው ሰው ረዘም ያለ ዘንግ ወይም ማስረዘሚያ መግዛት ይችላል።

ገመዱ ላይ ብዙ አልቆይም። አሮጌው ለእያንዳንዱ ስዊች የራሱ ሁለት ገመድ ነበረው። ሳንዋ 5 ብቻ ነው ያለው፤ አራቱ ለአቅጣጫ፣ አንዱ ለሁሉም የጋራ። ሰክቼ ስከፍተው ወደ ላይ ስገፋ ተጫዋቹ ወደ ግራ ሄደ። ጆይስቲኩ ፓኔሉ ላይ በ90 ዲግሪ ዞሮ ስለታሰረ ነው። አልተበላሸም፣ አትደንግጡ። ገመዶቹን ቦታ ማለዋወጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው። ስትሪት ፋይተር 2 ከ1991 ጀምሮ ያለ ጌም ነው፤ እኔ ዛሬም አልጠግበውም። ሾሪዩከን የሚባለውን እየዘለሉ የሚመቱትን ቡጢ ለማውጣት ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ ታችና ፊት፣ ከዚያ ቡጢ። በአሮጌው ጆይስቲክ ከአምስት አንዴ ቢወጣልኝ ነው። ሰያፉን መፈለግ ነበረብኝ። በሳንዋ ግን ሰያፉ የአራት ማዕዘኑ ጥግ ነው። ዘንጉ ጥጉ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ሲል እጅ ያውቀዋል። እንቅስቃሴውም አጭር ነው፤ ትንሽ ነካ ስታደርጉት ጠቅ ይላል። በሁለተኛው ቀን አይኔን ጨፍኜም ይወጣልኝ ነበር።

ፓክማን ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። የ1980 ጌም ነው፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ ብቻ ነው የሚያውቀው። መታጠፊያው ላይ እጅ ትንሽ በሰያፍ ከሄደ ሁለት ስዊች ባንዴ ይነካና ፓክማን ሳይታጠፍ ያልፋል። የልጄ ግማሽ ለቅሶ ከዚህ ነበር የመጣው፤ ያንን ያወቅኩት ይሄን ሁሉ ከሠራሁ በኋላ ነው። ሳንዋ ለዚህም መልስ አለው። ከሥር ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ክዳን ነቅላችሁ 45 ዲግሪ አዙራችሁ ስትመልሱት ጥጎቹ ወደ አራቱ አቅጣጫ ይዞራሉ። ሰያፉ ይዘጋል። የቀኙን ጆይስቲክ እንዲያ አድርጌ ለልጄ ተውኩላት። የመጀመሪያውን ምሽት ስትጫወት ዞር ብላ «አባዬ፣ አሁን ይታዘዛል» አለችኝ። ለእኔ ከዋጋው በላይ ነው።

የማልስማማበት አንድ ነገር ሞላው ነው። ለእኔ ለስላሳ ነው። ሰፈር ጆተኒ ላይ ያደገ እጅ ጠንካራ ነገር ነው የለመደው፤ ለቀቅ ሳደርገው ቶሎ ፍንጥር ብሎ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ለልጄ ደግሞ ልክ ነው። ጠንከር ያለ ሞላ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ የኔን ቀየርኩት። ይህን ስትሠሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን የብረት መቆለፊያ ቀለበት ማውጣት አለባችሁ። ሞላው ይገፋታል፣ ከወጣች ትወረወራለች። እጃችሁንና ጆይስቲኩን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አውጧት፤ ብትዘልም እዚያው ትቀራለች። ዘንጉን ስትመልሱ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡ።

ድምፁ አለ። ስዊች ነውና ጠቅ ጠቅ ይላል። ባለቤቴ ከላይ ሆና ትሰማዋለች። ልጆች ከተኙ በኋላ የምትጫወቱ ከሆነና ቤታችሁ አፓርትመንት ከሆነ ይህን አስቡበት።

ሞላው ወይም ስዊቹ ቢደክም አንድ በአንድ መቀየር መቻሉን ሳስብ፣ ርካሹን ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይሄኛውን አንዴ መግዛት ይሻላል እላለሁ። ፓኔላችሁ ብረት ወይም ስስ ከሆነ ሳታመነቱ ግዙት። ወፍራም እንጨት ከሆነና መቦርቦር ካልፈለጋችሁ፣ ወይም ዘንጉን በሙሉ መዳፋችሁ ጨብጣችሁ የምትጫወቱ ከሆነ የአሜሪካው ዓይነት ይሻላችኋል።

የባለቤቴ ወንድም እንደዚያ ነው የሚጫወተው። ኳሷን አልወደዳትም፤ «እጄ ውስጥ ትሽከረከርብኛለች» ይላል። የዘንጉ ጥርስ 6 ሚሊሜትር ስለሆነ ለሳንዋ የሚሆን ረዘም ያለ መያዣ አዘዝኩለት። እሱ ሲመጣ ኳሷን አዙሬ አወጣለሁ፣ የሱን አስራለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።