በእጅ፣ በእጅ ፓምፕ ወይስ በኤሌክትሪክ? ወደ ሥራ ለምትመለስ እናት የጡት ወተት ማለቢያዎች ንጽጽር

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። በሁለቱ መካከል የሚቀሩት ሦስት ወራት ናቸው የጡት ወተት ማለቢያን ከቅንጦት አውጥተው የብዙ ሠራተኛ እናቶች ጥያቄ ያደረጉት። ከሻጭ የሚሰማው ምክር በአብዛኛው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ዋጋው ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እናትየዋ በቀን ስንት ሰዓት ከልጇ ተለይታ ትውላለች የሚለው ነው።

ከ1 እስከ 6 ወር ዕድሜ ያለውና ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠባል፤ ይህም ለአንድ ሰዓት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል የምትሠራ፣ የታክሲ ሰልፉ ሲጨመርበት 10 ሰዓት ከቤት የምትርቅ እናት ለሞግዚቷ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ትታ መውጣት ይኖርባታል፤ ይህንንም ለመተካት ሥራ ቦታ ሦስት ጊዜ ያህል ማለብ አለባት። በአንጻሩ በመሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ ያላት፣ ወይም ከቤቷ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ የምትወጣ እናት ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልጋትም።

በእጅ ማለብ ምንም ወጪ የሌለው፣ ግን በጣም የተናቀ ዘዴ ነው። አውራ ጣትንና ሌሎቹን ጣቶች ከጡቱ ጫፍ ወደ ኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር አርቆ ማሳረፍ፣ በመጀመሪያ ወደ ደረት መግፋት፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ማቀራረብ፣ ከዚያም መልቀቅ ነው፤ ጣት በቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ግን ያቆስላል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ወፍራምና ጥቂት በመሆኑ ፓምፕ ሲስበው በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ በእጅ ታልቦ በንጹሕ ማንኪያ የተቀበሉት ግን አይባክንም። ልጇ ያለ ጊዜው ተወልዶ ሆስፒታል የተኛባት እናት በዚሁ ዘዴ ጀምራ፣ ወተቱ እየጨመረ ሲመጣ ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ ወደሚያልብ ጠንካራ ፓምፕ ብትሸጋገር ይመረጣል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቢሮ ውስጥ በእጅ ማለብ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አንጓም ያደክማል።

ማንሻውን እየጨመቁ የሚሠሩበት የእጅ ፓምፕ ድምፅ የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ በቦርሳ ይያዛል፣ ዋጋውም ከኤሌክትሪኩ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጡቷ ሲወጠር ጥቂት ለማስተንፈስ ወይም በቀን አንዴ ለማለብ ለምትፈልግ እናት ይበቃል። መራቅ የሚገባው ከጫፉ ክብ ላስቲክ ያለው፣ ላስቲኩ እየተጨመቀ የሚስበው ዓይነት ነው፤ ወተቱ ላስቲኩ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን በሚገባ ማጠብ አይቻልም፣ የመሳቡንም ኃይል መቆጣጠር ያስቸግራል። ጡት ላይ ተለጥፎ የሚቆየው የሲሊኮን መያዣ ደግሞ ልጁ አንዱን ጡት ሲጠባ ከሌላው የሚፈሰውን ለማጠራቀም ያገለግላል እንጂ እንደ ሕፃን አፍ እየሳበ እየለቀቀ አይሠራም፤ ስለዚህ ወተት አነሰኝ ለምትል እናት መፍትሔ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ ፓምፖችን ለማነጻጸር ሦስት ነገሮችን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው አንድ ጡት ነው ወይስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያልበው የሚለው ነው፤ ባለ አንዱ 30 ደቂቃ የሚፈጅበትን ሥራ ባለ ሁለቱ በ15 ደቂቃ አካባቢ ስለሚጨርሰው፣ የሻይ ዕረፍቷ አጭር ለሆነ ሠራተኛ የዋጋው ልዩነት ይካካሳል። ሁለተኛው ወተቱ ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚከለክል ስስ የመለያ ሽፋን መኖር አለመኖሩ ነው፤ ሽፋን የሌለው ፓምፕ ቱቦው ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፣ ሞተሩም ተፈትቶ አይታጠብም። ሦስተኛው ባትሪ ነው። ለምሳሌ የስፔክትራ ኤስ 1 እና ኤስ 2 ፓምፖች በአሠራር መንታ ሲሆኑ ዋናው ልዩነታቸው ኤስ 1 የሚሞላ ባትሪ ያለው፣ ኤስ 2 ግን ሶኬት የሚፈልግ መሆኑ ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ግን ጡቷ ተወጥሮ መብራት የጠፋባት እናት ከዋጋ ቅናሹ ይልቅ ባትሪውን ትመርጣለች።

በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው፣ ገመድ አልባው ፓምፕ ማስታወቂያው ያማረ ነው፣ የተለየ ክፍል ለሌለው መሥሪያ ቤትም በእርግጥ ይመቻል። ሆኖም የጡቱ ጫፍ በትክክል መግባቱን ለማየት ያስቸግራል፣ ጎንበስ ሲሉ ሊፈስ ይችላል፣ አንዳንድ እናቶችም ከመደበኛው ያነሰ ወተት ያገኙበታል። እንደ ሁለተኛ ፓምፕ ጥሩ ነው፤ ወተቷ ገና ላልተደላደለ እናት ብቸኛ ፓምፕ እንዲሆን ግን አልመክርም።

አሜሪካ ያለች እኅት በጤና መድኗ ያገኘችውን ፓምፕ ተጠቅማ ስትጨርስ ለአገር ቤት የምትልክበት ጊዜ አለ። እዚያ መድን ፓምፕን የሚሸፍነው በሕግ ስለሆነ ያገለገለ ዕቃ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ፓምፕ፣ በተለይ የመለያ ሽፋን የሌለው፣ ለሌላ እናት መተላለፍ የለበትም፤ ቱቦና ጠርሙስ መቀየሩም የሞተሩን ውስጥ አያጸዳም። አዲስ ከሆነም ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚለውን እዚህ ባለው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው።

ከሞተሩ በላይ የማለቡን ውጤት የሚወስነው ግን ጡት ላይ የሚገጠመው ፈነል ነው። ብዙዎቹ ፓምፖች ከ24 ወይም ከ28 ሚሊ ሜትር ፈነል ጋር ይሸጣሉ፤ ይህ ለሁሉም ልክ አይሆንም። መለካት ያለበት የጡቱ ጫፍ ራሱ፣ ከሥሩ፣ በማስመሪያ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጥቁር ክፍል አይቆጠርም። ጫፉ 17 ሚሊ ሜትር ሆኖ ፈነሉ 28 ከሆነ የጥቁሩ ክፍል ቆዳ አብሮ ይሳባል፣ ጡቱ ያብጣል፣ ወተቱም በሚገባ አይወርድም። ፈነሉ ከጠበበ ደግሞ ጫፉ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ይቆስላል። ሕመም ራሱ ወተቱ እንዳይወርድ ስለሚያግድ፣ ቁስሉን ችሎ ኃይሉን መጨመር የሚያመጣው ትርፍ የለም፤ የሚያማት እናት ኃይሉን ቀንሳ ፈነሉን ትመርምር። የጡት ጫፍ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት መጠኑ ስለሚለዋወጥም፣ ፈነሉን ወደ ሥራ ከመመለስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለክቶ መግዛት ይሻላል።

ሌላው ትንሽ ነገር የዳክዬ አፍ የሚመስለው የሲሊኮን ቫልቭ ነው። በየቀኑ ሲቀቀልና ሲታጠብ አፉ ይላላል፣ መሳቡ ይደክማል፣ እናትየዋም ወተቴ ደረቀ ብላ አጥሚትና አብሽ ታበዛለች። አጥሚት ወላድን ያበረታል፣ ክፋት የለውም፤ ላላ ቫልቭ ግን በአዲስ ካልተተካ በቀር አይስተካከልም። ስለዚህ መለዋወጫው በከተማው የማይገኝ ፓምፕ፣ የቱንም ያህል ዋጋው ቢቀንስ፣ ከመገዛቱ በፊት ይታሰብበት።

ጡት ጠጥሮ በሚያምበት ጊዜ ፓምፑን እስኪደርቅ ድረስ መጠቀም ሌላ ወተት እንዲመረት ስለሚያደርግ ችግሩን ያብሳል፤ እስኪለሰልስ ብቻ አልቦ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ያሳርፋል። ጡቱ ቀልቶ ትኩሳት ካመጣ ግን ነገሩ የጤና ባለሙያ ነው።

ማስቀመጫም ከፓምፑ ጋር አብሮ ይታሰባል። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ፍሪጅ የሌለው ቢሮ የምትውል እናት የበረዶ መያዣ ጥቅል ያለው የማቀዝቀዣ ቦርሳ ብትይዝ እስከ 24 ሰዓት ይጠብቅላታል። በፍሪዘር በረዶ ሆኖ ቆይቶ ቀልጦ ያለቀ ወተት ግን ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠጣት እንጂ ዳግመኛ በረዶ መሆን የለበትም፤ መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪዘር ሞልቶ ከማጠራቀም ይልቅ የዛሬውን ለነገ እያለቡ መሄድ ይሻላል።